አባየን ሪህ ይዟቸዋል፤ የቻይና የዕፅዋት መድኃኒት ያሽላቸው ይሆን?

የፍኖተ ሰላሟ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አባየ 61 ዓመታቸው ነው። ገበሬ ናቸው፤ እስካሁን ሞፈር ቀንበራቸውን አልሰቀሉም። ሪህ ከያዛቸው ሁለት ዓመት አለፈ። የጀመራቸው የፋሲካ ማግስት ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጮኸው ቀሰቀሱን፤ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አብጦ፣ ቀልቶ፣ እንደ ፍም ይፋጃል። እባብ የነደፋቸው መስሎን አልጋውን በባትሪ ፈተሽን። የጋቢው ጫፍ ሲነካቸው እንኳ ስለማይችሉ እግራቸውን ብቻ ውጭ አውጥተው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ነጋ።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ መርፌ ተወጉና ተሻላቸው። በኋላ ሆስፒታል ተመርምረው በደማቸው ውስጥ ያለው ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድ 9.2 ነው ተባለ፣ እሱን የሚያወርድ አሎፑሪኖል የሚባል ኪኒን ታዘዘላቸው። ሦስት ሳምንት እንደወሰዱ ግን እንደገና ተነሣባቸው። «ይኸው ኪኒኑ ነው የቀሰቀሰብኝ» ብለው እርግፍ አድርገው ተዉት። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይነሣባቸዋል፤ አሁን ቁርጭምጭሚታቸውና ጉልበታቸውም ውስጥ ገብቷል።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። መንገድ ሥራ ላይ ከቻይኖች ጋር የሚውል ዘመዳችን አንድ ቆርቆሮ መድኃኒት አመጣላቸው። ቁንዶ በርበሬ የሚያካክሉ፣ ጥቁር ቡኒ፣ ድብልብል ኪኒኖች ናቸው። ክዳኑ ሲከፈት የቆየ ቅጠል ይሸታል። ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። «ካምፕ ያለ ቻይናዊ ለጉልበቱ የሚወስደው የባህል መድኃኒት ነው፣ ዕፅዋት ብቻ ነው» አለን። አባየ ማታ ስምንት ፍሬ ዋጡ። ጠዋት እብጠቱ ተንፍሶ፣ በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን ስመው መጡ። እውነት እላችኋለሁ አለቀስኩ። አሁን አምስተኛ ሳምንታቸው ነው፣ በየቀኑ ይወስዳሉ፣ አንድም ቀን አልተነሣባቸውም። የምግብ ፍላጎታቸው ጨምሯል፣ ፊታቸውም ሞላ ብሏል።

ግን ደግሞ ፈራሁ። የደም ግፊት ኪኒንም ይወስዳሉ። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ለሪህ እውነት ይሠራል? ኩላሊታቸውንስ አይጎዳም? የምታውቁ እባካችሁ።

ባለ ሪሁ ከአማኑኤል፦

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እግር ከጋቢ ውጭ ማሳደሩን ያላየው ሰው አያውቀውም። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። የአባትሽን ታሪክ ሳነብ የራሴን ያነበብኩ መሰለኝ፤ ፋሲካው ራሱ አንድ ነው። 55 ቀን ጾመን ስናበቃ በአንድ ቀን ዶሮ፣ ቅርጥ፣ ዱለት፣ ጠላ፣ ማታ ላይ አረቄ። እኔንም የጣለኝ ያ ነው።

ስለ ቻይና መድኃኒት የማውቀው የለም። ስለ አሎፑሪኖሉ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔም እንደ አባትሽ በጀመርኩ በወሩ ሲነሣብኝ ጣልኩት፤ ሁለት ዓመት ተንከባለልኩ። ሐኪሙን ሳልጠይቅ ነው የጣልኩት። ስጠይቀው «መነሣቱ እየሠራ ስለሆነ ነው» አለኝ። እንዴት እንደሆነ ባለሙያ ካለ ያስረዳሽ። አሁን አራት ዓመቴ ነው ሳላቋርጥ ስወስድ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አላሠረኝም።

ጓንግዡ የተማርኩ፦

ሰላም እህቴ። አምስት ዓመት ቻይና ተምሬ ነው የመጣሁት፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ተማሪ ስለነበር ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙም ጠይቄዋለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሪህን ያውቁታል፤ ትናንት የመጣባቸው በሽታ አይደለም። ስሙ «ቶንግ ፌንግ» ነው፣ ቃል በቃል «የሕመም ነፋስ» ማለት። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበረው ዡ ዳንሺ የሚባል ሐኪም በዚህ ስም ጽፎበታል። የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ በዐረብኛም ሪህ ማለት ነፋስ ነው። ከቦታ ቦታ የሚዞር፣ ሳይታሰብ የሚመታ ሕመም መሆኑን ሁሉም ያዩት ይመስላል።

በነሱ አመለካከት እንደ አባትሽ ያለው ቀይና ትኩስ እብጠት «እርጥበትና ሙቀት» ወደ ታች ወርዶ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲታሰር ነው። ለዚህ የታወቀው ቅመማ «ሲ ሚያዎ» ይባላል፣ «አራቱ ድንቆች» እንደማለት። አራት ነገር ነው ያለው፦ ኋንግ ባይ የሚባል ቢጫና እጅግ መራራ የዛፍ ልጣጭ፣ ፃንግ ዡ የሚባል ሥር፣ ኒዩ ሺ የሚባል ሥር፣ አራተኛው ደግሞ ዪ ዪ ሬን የምትባል እህል ናት፣ እኛ ገብስ እንደምንቀቅለው ገንፎና ሾርባ ውስጥ ይከቷታል። ሲጀመር ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ በየዘመኑ ተጨመሩ። ቱ ፉ ሊንግ የሚባል ሥርም አለ፣ ደቡብ ቻይና ሰዉ ሾርባ ሠርቶ ይጠጣዋል፣ እሱንም ለሪህ ይሰጡታል።

ይሠራል ወይ ላልሽው፦ አይጥ ላይ ሲሞክሩት ሲ ሚያዎ ዩሪክ አሲድ ዝቅ አድርጓል። ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባለውን ዩሪክ አሲድ የሚያመርት ኢንዛይም ያግዳል፤ አሎፑሪኖልም የሚያግደው እሱኑ ነው። ሰው ላይም ጥናቶች አሉ፣ አብዛኞቹ ቻይና ውስጥ የተደረጉ፣ ሕመሙንና እብጠቱን ቀነሰ የሚሉ። ግን በሽተኞቹ ጥቂት ናቸው፣ ማን የቱን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም ያውቃል፣ የሚከታተሉትም ለጥቂት ሳምንት ነው። ስለዚህ ተስፋ አለው እላለሁ፣ ተረጋግጧል ግን አልልም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። እዚያ አገር ባህላዊ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ እጅሽን ይዞ የልብ ምትሽን ያዳምጣል፣ ምላስሽን ያያል፣ ብርድ ይሻልሻል ወይስ ሙቀት ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ባለ ሪሆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። «ብርድ» ነው ብሎ ካሰበ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ከነዚያ ውስጥ አኮናይት የሚባለው ሥር በደንብ ካልተቀቀለ ልብ ያቆማል። እና ለአንድ ቻይናዊ ጉልበት የተገዛ ቆርቆሮ ለአባትሽ ጣት መሰጠቱ በነሱ በራሳቸው ሙያም ስሕተት ነው። ቆርቆሮውን ፎቶ አንሥተሽ ብትለጥፊው አነብልሻለሁ።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ማርቆስ፦

እህቴ፣ ከጽሑፍሽ ሁለት ነገር አስደንግጦኛል። አንደኛው «ማታ ዋጡ፣ ጠዋት ተንፍሶ ሄዱ» ያልሽው ነው። ሁለተኛው «ፊታቸው ሞላ» ያልሽው።

የቅጠልና የሥር መድኃኒት ቢሠራም በአንድ ሌሊት እንዲህ አያደርግም። በአንድ ሌሊት እንዲህ የሚያደርገው ስቴሮይድ የሚባለው ኃይለኛ የእብጠት ማጥፊያ ነው፤ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን። በተለያዩ አገሮች የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች «ከዕፅዋት ብቻ» ተብለው ለመገጣጠሚያ የሚሸጡ ኪኒኖችን ሲመረምሩ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ የሚባል ሕመም ማስታገሻ በስውር ተቀላቅሎባቸው አግኝተዋል፣ ያውም ደጋግመው። ስቴሮይድ ሳምንታት ሲወሰድ ምግብ ያስፈልጋል፣ ፊት ያብጣል፣ ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል። የአባትሽ ፊት የሞላው ተመችቷቸው ላይሆን ይችላል። እዚህ ሆኜ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፣ ግን ነገ ግፊታቸውና ስኳራቸው ይለካ።

ይኸን ደግሞ በደንብ አንብቢው። ስቴሮይድ ካለበት አምስት ሳምንት ከወሰዱት በኋላ በአንድ ቀን እንዲያቆሙ አታድርጊ። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ያቆማል፤ ድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ ይመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ቆርቆሮውን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ እሱ ቀስ እያደረገ ያወርደዋል።

ኩላሊት ያልሽው ፍርሃትሽ ልክ ነው። ዩሪክ አሲድ ከሰውነት በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ስለዚህ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ለባለ ሪህ ድርብ ጉዳት ነው። ቤልጅየም ውስጥ የሆነውን ላንሣልሽ። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራስልስ ያሉ ሐኪሞች ለመክሳት የቻይና ዕፅዋት ኪኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው መክሸፉን ጻፉ። በኋላ ቁጥራቸው ከ100 በላይ ሆነ፤ ብዙዎቹ ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) ወይ ለንቅለ ተከላ ደረሱ፣ ካንሰር ያገኛቸውም አሉ። ምክንያቱ የስም መመሳሰል ነበር። ሃን ፋንግ ጂ መግባት ሲገባው ጓንግ ፋንግ ጂ ገባ፣ እሱ ደግሞ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል የኩላሊት መርዝ አለበት። ፋንግ ጂ ደግሞ በቻይና ሕክምና ለመገጣጠሚያ ሕመምም የሚሰጥ ሥር ነው። ቻይና ራሷ ቆይታ ጓንግ ፋንግ ጂን ከልክላለች።

ዕፅዋትን የምንቅ እንዳይመስልሽ። ሪህ ሲነሣ የምንሰጠው ኮልቺሲን ከአንድ አበባ ዘርና ሥር የወጣ ነው፤ ያ አበባ ከ6ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለሪህ ይሰጥ እንደነበር ተጽፏል። ወባ ሲይዘን የምንውጠው ኮአርተምም መሠረቱ የቻይና ቅጠል ነው፤ ቱ ዩዩ ከ4ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ ፍንጭ ወስዳ አርቴሚሲኒንን አወጣች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ግን ልዩነቱን እዪው፦ ምን እንዳለበት ይታወቃል፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይታወቃል። ኮልቺሲን ትንሽ ሲበዛ ይገድላል፣ ልኩ ስለታወቀ ነው መድኃኒት የሆነው። የአባትሽ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ግን እኔም፣ አንቺም፣ ያመጣው ዘመዳችሁም አናውቅም።

አሎፑሪኖሉን በተመለከተ ከአማኑኤል የጻፉት ወንድማችን ልክ ናቸው። ዩሪክ አሲድ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ጠጠር ይሠራል። መድኃኒቱ ደሙን ሲያጠራው የተጋገረው ጠጠር መሟሟት ይጀምራል፤ ሲሟሟ ይነቀላል፣ ሲነቀል ይቆጣል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሣው። ስለዚህ በ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወርም በትንሽ ኮልቺሲን ይታገዛል። ይኸ ለአባትሽ ሳይነገራቸው መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል። ግቡ ዩሪክ አሲዱን ከ6 በታች ማድረስ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አሎፑሪኖል ጀምረው ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ከወጣ ያን ቀን አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

የግፊት ኪኒናቸው ስሙ ማን ነው? ይኸን ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ።

የሥር ማሽ ልጅ፣ ቢቸና፦

አያቴ የታወቁ መድኃኒተኛ ነበሩ። ሥር ሲምሱ እየተከተልኩ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ይኸ ውይይት ልቤን ነክቶታል።

ጓንግዡ የተማርኩ ያለው ወንድማችን ኒዩ ሺ ያለውን ፈልጌ አየሁት። የኛው ጤለንጅ ዘመድ ነው! በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ፍሬው ቀሚስና ሱሪ ላይ የሚጣበቀው ጤለንጅ። ስሙ በቻይንኛ «የበሬ ጉልበት» ማለት ነው አሉ፣ ግንዱ በየአንጓው እንደ በሬ ጉልበት ስለሚያብጥ። ወጥቼ ከጓሮ አንዱን ነቅዬ አየሁት፣ የኛም አንጓው እንደዚያው ያበጠ ነው። አያቴ ጤለንጅን ለቁስልና ለደም ያደርጉት ነበር፤ ለሪህ ሲሰጡት ግን አላየሁም።

እህቴ፣ ይኸን የምጽፍልሽ ጤለንጅ ቀቅለሽ እንድታጠጫቸው አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ዘመድ ነው እንጂ ያው አይደለም፤ የቤልጅየሞቹም የተጎዱት እኮ በስም መመሳሰል ነው። አያቴ ኮሶ ሲሰጡ የሰውየውን ዕድሜ፣ ጉልበት፣ ምን እንደበላ ጠይቀው ነበር የሚለኩት፤ ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋልና። «መድኃኒቱን ሳይሆን ሰውየውን እወቅ» ይሉኝ ነበር። ሰውየውን ሳያውቅ በቆርቆሮ የሚመጣ መድኃኒት እሳቸው ቢያዩ አይነኩትም ነበር።

የፍኖተ ሰላሟ፦

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ፊታቸው ሞላ ያልኩት... እኛ እኮ ተስማማቸው ብለን ደስ ብሎን ነበር። ጎረቤት ሁሉ «ልጅ ሆኑ» ሲላቸው ነው የከረመው።

ፋርማሲስቱ፣ የግፊት ኪኒኑን ማሸጊያ አየሁት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ይላል። ለጓንግዡው ወንድሜ ደግሞ የቆርቆሮውን ፎቶ ለጥፌልሃለሁ።

ጓንግዡ የተማርኩ፦

አየሁት። ሲ ሚያዎ አይደለም። «ለነፋስና ለአጥንት» የሚል ጽሑፍና የአጋዘን ሥዕል ነው ያለው፤ ይዘቱ ግን የትም ላይ አልተጻፈም፣ የምዝገባ ቁጥርም የለውም። ቻይና ውስጥ በደንብ የተመዘገበ መድኃኒት ማሸጊያው ላይ ቁጥር አለው፣ ይዘቱም ይዘረዘራል። አባትሽ ይኸን በሐኪም ምክር ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ማርቆስ፦

እንደፈራሁት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያሸና የግፊት ኪኒን ነው፤ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ግን ዩሪክ አሲድ እንዳይወጣ ይይዛል። ለብዙ ባለ ሪህ ሰው አንዱ ነዳጅ እሱ ነው። ሐኪሙ ወደ ሌላ ሊቀይረው ይችላል፤ ለምሳሌ ሎሳርታን ግፊቱንም ይይዛል፣ ዩሪክ አሲዱንም ትንሽ ያወርዳል። ራሳችሁ አትቀይሩት፣ ጥያቄው ግን ይጠየቅ። ክሪያቲኒንም ይሠራላቸው፣ ኩላሊታቸው እንዴት እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። እና ዩሪክ አሲድ ሪህ በተነሣበት ቀን ሲለካ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ካለፈ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቢደገም ነው የሚታመነው።

ባለ ሪሁ ከአማኑኤል፦

ስለ ምግቡም ልጨምር። ሰዉ ለባለ ሪህ «ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ አትብላ» ይላል። እኔን ይኸ ምክር ሊገድለኝ ነበር፤ በጾም ቀን ሽሮ ካልበላሁ ምን ልበላ? ሐኪሜ እንዳስረዳኝ ፑሪን የሚባል ሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጥ ነገር ምግብ ውስጥ አለ፤ የአትክልትና የጥራጥሬው ፑሪን ግን የሪህን አደጋ አይጨምርም። የሚጨምረው የሥጋው፣ በተለይ የጉበትና የኩላሊቱ፣ ከመጠጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ ቢራ፣ አረቄውም አይቀርም። ለስላሳ መጠጥም እንደዚያው። ቡና ግን ከሪህ ጋር ጠብ የለውም። ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ እርሻ ውለው ሲመጡ በጠላ ፈንታ ውኃ ስጧቸው። እኔ ማኅበር ቤት ስሄድ ዋንጫዬን ውኃ አስሞላለሁ፣ ማንም አልተቀየመኝም።

የፍኖተ ሰላሟ፦

ከ12 ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሆስፒታል ወሰድናቸው። ግፊታቸው 170 በ100፣ ስኳራቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ቆርቆሮውን ስታይ ራሷን ነቀነቀች፤ ስቴሮይድ እንዳለበት ጠርጥራ በፕሬድኒሶሎን ተክታ ቀስ እያለች ልታወርድላቸው ጀመረች። ክሪያቲኒናቸው ደህና ነው፣ ተመስገን። የግፊት ኪኒናቸው ወደ ሎሳርታን ተቀየረ። አሎፑሪኖሉም በ100 ከኮልቺሲን ጋር እንደገና ተጀመረ።

አባየ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። «ያሻለኝን ትታችሁ ያመመኝን ታውጡኛላችሁ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጠጠሩ መሟሟት ያላችሁትን እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው፦ «አባየ፣ የአሞሌ ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጠርዙ ነው የሚፈራርሰው፣ ያኔ ነው የሚወጋው።» ዝም ብለው ቆዩና «ስንት ወር ይፈጃል?» አሉ። ስድስት ወር አልኳቸው። «ከዘር እስከ አጨዳ ነዋ» አሉና ዋጡት።

ትናንት ማታ ጣታቸውን ትንሽ ጠዝጥዟቸው ነበር። አላቆሙም። የዩሪክ አሲድ ቀጠሯቸው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፣ ቁጥሩን ይዤ እመጣለሁ።